አንጀቴን በልተሽዋል

መምህር ወልደ ሰንበት ሣህለ ማርያም ከቢቸና ጤና ጣቢያ በር ላይ የቆመው በኅዳር ወር በ፲፱፻፷፫ ዓ.ም. ነበር። የክት ኮቱን ለብሷል፣ ከረባቱን አስሯል፤ ከወገቡ ግን እንደ ሽማግሌ ጎብጧል። ነርሷ ባንቺዓለም ዳምጤ ካርዱን ተቀብላ ዕድሜውን አነበበች። ሃያ ስድስት ይላል። ቀና ብላ ፊቱን ስታየው ካርድ ክፍሉ የተሳሳተ መሰላት።

«ምንዎን ያምዎታል፣ መምህር?»

ወደ ኋላው ዞሮ አየ። ከኋላው ተራ የሚጠብቁ ሴቶች ተደርድረዋል፤ ሁለቱ የተማሪዎቹ እናቶች ናቸው። ጥቂት ካቅማማ በኋላ እስክሪብቶውን ከኪሱ አወጣና በካርዱ ጀርባ ላይ ጻፈላት። «ደም ያስቀምጠኛል። ሦስት ወር ሆነኝ።»

ባንቺዓለም ድምፅ አውጥታ አላነበበችውም። እስክሪብቶውን ከእጁ ወስዳ ከሥሩ «ነገ ሰው ሳይበዛ በጠዋት ይምጡ» ብላ ጻፈችና መለሰችለት። መምህሩ ያችን መስመር አንብቦ ሲጨርስ ዓይኑን አነሣ። ሕመም ሳይነካቸው በፊት እነዚያ ዓይኖች ምን ይመስሉ እንደነበር ለአንድ አፍታ አየች፤ ቀኑን ሙሉም ከፊቷ አልጠፉ አሉ።

ፍቅራቸው እንዲህ በጽሕፈት ተጀመረ።

የጤና ጣቢያው ኃላፊ አቶ አምባቸው መጀመሪያ የአሜባ፣ ቀጥሎ የወስፋት መድኃኒት አዘዙለት። ለሳምንት ሻል ይለውና ተመልሶ ይብስበታል። በግራ ጎኑ ይቆርጠዋል፤ በቀን አሥር ጊዜ ይወጣል፤ ጉልበቱ አብጦ ደረጃ መውጣት ያቅተዋል። ክፍል ውስጥ በማስተማር ላይ ሳለ ጠመኔውን ጥሎ የሚሮጥ መምህር ተማሪዎቹ ምን እንደሚሉት መናገር አያሻም። ያም ሆኖ ጠዋት ጠዋት ጤና ጣቢያ ሲመጣ እጁ ባዶውን አይመጣም፤ አንድ የታጠፈች ወረቀት አትጠፋውም። አባቱ መሪጌታ ሣህለ ማርያም በሞጣ ስመ ጥር የቅኔ መምህር ናቸው። ልጃቸው ቅኔ ቤቱን ትቶ ወደ አስኳላ ቢሄድም ምላሱ ከሰምና ወርቅ አልተላቀቀም። አንድ ቀን እንዲህ ብሎ ጻፈላት፦

«ሌላው በመድኃኒት ዳነ አሉ፤ እኔ ግን ባንቺ ዓለም አየሁ።»

ሦስት ጊዜ አነበበችው። በሦስተኛው የገዛ ስሟን እዚያ ውስጥ ተቀምጦ አገኘችው። መርፌ የምትቀቅልበት ውኃ ገንፍሎ እሳቱን እስኪያጠፋው ድረስ ወረቀቷን ይዛ ቆማ ቀረች።

በሚያዝያ አቶ አምባቸው ነገሩ ከዐቅማቸው በላይ መሆኑን አመኑና ወደ አዲስ አበባ ላኩት። ባንቺዓለም የዓመት ፈቃዷን በዚያው ሳምንት ጠየቀች። አውቶቡሱ ወደ ዓባይ በረሃ መውረድ ሲጀምር፣ ወራት ሙሉ ስትሸሸው የቆየችውን ነገር ከመናገር ሌላ መንገድ አልታያትም።

«አንድ ነገር ልንገርህ። ሰምተህ ወንበር ብትቀይር አልቀየምህም።»

«ንገሪኝ።»

«አባቴ ከግንደወይን ወዲህ ያለ ቀጥቃጭ ነው። ጠይብ ነው የሚሉን። ልጅ ሆኜ ምንጭ ስወርድ ሴቶቹ ልጆቻቸውን በነጠላ ይሸፍኑብኝ ነበር፤ ቡዳዋ እንዳታያቸው ብለው። ቢቸና ይህን የሚያውቅ የለም። አንተ ግን ሳታውቅ እንድትወደኝ አልፈልግም።»

ወልደ ሰንበት ፊቱን ወደ ገደሉ መለሰ። ባንቺዓለም የመንገዱን ጥምዝ አንድ፣ ሁለት እያለች ቆጠረች።

«የሞጣ ገበሬ ማረሻውን ከማን ያገኛል?» አለ በመጨረሻ። «አባቴ ባርከው የሚቆርሱት እህል ከአባትሽ ማረሻ ሥር የበቀለ ነው። በልተው ያደጉት እኛ ነን እንጂ እናንተ ማንን በላችሁ?»

ወንበር አልቀየረም። እጇን ያዘ። ከዚያ ወዲያ አውቶቡሱ በረሃውን ወርዶ ድልድዩን ተሻግሮ እስኪወጣ ድረስ አልለቀቃትም። ባንቺዓለም በሕይወቷ ሙሉ ከትከሻዋ ያልወረደ ሸክም ወርዶላት ጭንቅላቷ ቀለላት።

አዲስ አበባ የተቀበሏቸው ዶክተር ገብረ ሕይወት የሚባሉ፣ ከውጭ አገር ተምረው በቅርብ የተመለሱ ሐኪም ናቸው። አንጀቱን በመሣሪያ አዩት፤ ከቁስሉ ቆንጥረው ወስደው አስመረመሩ። በሳምንቱ ሁለቱንም ጠርተው አስቀመጧቸው።

«ከውጭ የገባ ተባይ አላገኘሁም» አሉ። «ደማችን ውስጥ ዘበኞች አሉ። ቁስል ሲመረቅዝ፣ ጉንፋን ሲይዘን ተሰልፈው የሚዋጉልን እነሱ ናቸው። ባንተ ሰውነት ውስጥ ግን ዘበኞቹ የገዛ አንጀትህን እንደ ወራሪ ቆጥረውት ይወጉታል። ያቃጥሉታል፣ ያቆስሉታል። በቃችሁ፣ ተመለሱ የሚላቸው የለም።»

«ለምን?» አለ ወልደ ሰንበት።

«እሱን እኛም አናውቅ። ሊቃውንቱ ገና ይከራከሩበታል። በዘር የሚወርድ ነገር አለው የሚሉ አሉ። አንጀት ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ተሕዋስያን መጀመሪያ ዘበኞቹን ያስቆጧቸዋል፤ ከዚያ ቁጣው አልበርድ ይላል የሚሉም አሉ። በርግጥ የምናውቀው አንድ ነገር ነው፤ ይሄዳል፣ ይመለሳል። በራሱ ጊዜ ይተኛል፣ በራሱ ጊዜ ይነሣል።»

ሁለት ዓይነት ኪኒን አዘዙለት። ነጩ፣ ፕሬድኒሶሎን የሚባለው፣ የተቆጡትን ዘበኞች ያስተኛል፤ ዘበኛ በተኛበት ቤት ሌላ ሌባ ሊገባ ስለሚችል ግን በየሳምንቱ እየተቀነሰ ይቆማል እንጂ ባንድ ጊዜ አይቋረጥም። ቢጫው በየቀኑ የሚዋጥ ነው፤ የተኙት እንዳይነቁ ይጠብቃል። «ባንድ ጊዜ የጣልኸው ዕለት ተመልሶ ይመጣል፤ ብሶበት» አሉት። ባንቺዓለም ሁሉንም በደብተሯ ጻፈች።

«ዶክተር፣ ይድናል?» ስትል ጠየቀች።

ሐኪሙ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። «ይኖራል» አሏት።

ወልደ ሰንበት በደስታ እየሳቀ ነበርና ልዩነቱን ልብ አላለውም። እሷ ግን ይድናል ብላ ጠይቃ ይኖራል መባሏን ሰምታለች፤ ከአዲስ አበባ እስከ ቢቸና ያ አንድ ቃል ከጎኗ ተቀምጦ መጣ።

ያም ሆኖ በወሩ ደሙ ቆመ። ጉንጩ ሞላ፣ ድምፁ ተመለሰ። ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ ተማሪዎቹን እንደ ድሮው እያሳቀ ያስተምር ጀመር። ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ለወላጆቹ ራሱ ሊነግራቸው ፈለገና፣ በ፷፬ ጥር፣ ትምህርት ቤት ለዐሥር ቀን ሲዘጋ ወደ ሞጣ ሄደ። መኪናው ላይ ሆኖ «ሽሮ እንዳትሠሪ፣ ስመጣ ዶሮ ነው» እያለ ሲያስቃት ተለያዩ።

ዐሥሩ ቀን አለፈ። ወሩም አለፈ። ባንቺዓለም ሁለት ደብዳቤ ጻፈች፤ መልስ የለም። ሦስተኛውን ጽፋ ቀደደችው። «የጠይብ ልጅ መሆኔን ቤቱ ሲደርስ አስታወሰው» አለች ለራሷ፤ ዓባይ በረሃ ላይ የያዛትን እጅ እያሰበች እጇን በሳሙና ታጥብ፣ ደግማ ታጥብ ጀመር።

በየካቲት መጨረሻ ቅቤ ነጋዴዋ ፈንታነሽ ከሞጣ መጥታ እጇን ልታሳክም ጤና ጣቢያ ገባች። ባንቺዓለም ቁስሏን እየጠቀለለች እንደ ዋዛ ጠየቀቻት።

«የመሪጌታ ሣህለ ማርያም ልጅ? ውይ፣ እሱማ አለቀ» አለች ፈንታነሽ። «አጥንቱ ነው የቀረ። ቡዳ በልቶት ነው። አንዷ የጠይብ ልጅ አሉ፣ እዚሁ እናንተ አገር ያለች።»

ፋሻው ከባንቺዓለም እጅ ወደቀ። አልከዳትም ነበር። ለአንድ አፍታ ደስታ ሽው አለባት፤ ወዲያው ግን በደስታዋ አፈረችበት።

በማግሥቱ መድኃኒቱን በጥቁር ሻንጣዋ ይዛ እህል የጫነ መኪና ላይ ወጣች። ሞጣ ስትደርስ ቅዳሴ ወጥቶ ሰው ወደ ቤቱ ይመለሳል። የመሪጌታ ግቢ በር ላይ ወልደ ሰንበትን የምትመስል ሴት ቆማለች፤ ግንባሩ፣ ቅንድቡ፣ ዝም ሲል ከንፈሩን የሚገጥምበት ሁሉ። እናቱ ወይዘሮ አመተ ሥላሴ መሆናቸውን ሳይነግሯት ዐወቀች።

«አንች ነሽ?» አሏት።

«እኔ ነኝ፣ እሜቴ።»

«ከዚች ደጃፍ እንዳታልፊ።»

ባንቺዓለም ቆመች። ወይዘሮ አመተ ሥላሴ አልጮኹም፤ እንዲያውም ጎረቤት እንዳይሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነበር የሚናገሩት።

«ልጄ በጥር ሲመጣ ደህና ነበር። የማንን ልጅ እንደሚያገባ ነገረን። መሪጌታ አልተቆጡም፤ መድኃኒቱን ማን ሰጠህ ብለው ብቻ ጠየቁት። እሷ ናት አላቸው። ተነሥተው እሳት ውስጥ ጨመሩት። እሱም ድኛለሁ ብሎ ዝም አለ። በሳምንቱ፣ ሊመለስ ሲነሣ፣ ደሙ ተመለሰ። በጭስ አጥነን ማን በላህ ብለን ብንጠይቀው ስምሽን ጠራ። አንድ ጊዜ አይደለም፤ ስምሽን ሲጠራ ዋለ።»

«እሜቴ፣ እኔን የጠራኝ...»

«ቆይ፣ አልጨረስሁም። ከትራሱ ሥር ወረቀት አገኘን። ላንች የጻፈው ነው፤ የሚልክበት ዐቅም አጥቶ አስቀምጦታል። መሪጌታ አነበቡት። በገዛ እጁ ጽፎታል።» ሴትዮዋ ማንበብ አይችሉም፤ ቃሉን ግን እንደ ጸሎት በቃላቸው ይዘውታል። «‹ባንቺዬ፣ አንጀቴን በልተሽዋል፤ ከእንግዲህ የቀረውም ያንቺው ነው› ይላል።»

ባንቺዓለም የበሩን መቃን ያዘች። በዕድሜዋ ማንም እንዲህ ያለ ነገር ጽፎላት አያውቅም፤ አሁንም የሰማችው ከእሱ አፍ ሳይሆን ከከሳሿ አፍ ነው። መሪጌታ ሣህለ ማርያም አርባ ዓመት ሙሉ ለተማሪ ሰምና ወርቅ ሲፈቱ የኖሩ ሰው ናቸው። የገዛ ልጃቸውን ደብዳቤ ሲያነቡ ግን ሰሙን ይዘው ወርቁን ጣሉት። ፍርሃት እንዲህ ነው፤ ሊቁን ከጨዋው አይለይም።

ዶክተሩ ያሉትን ሁሉ ነገረቻቸው። ስለ ዘበኞቹ፣ የሚበላው ሌላ ሰው ሳይሆን የገዛ ደሙ ስለመሆኑ፣ በሽታው በራሱ ጊዜ ሄዶ በራሱ ጊዜ እንደሚመለስ፣ መድኃኒቱ ባንድ ጊዜ መቋረጥ እንዳልነበረበት። ወይዘሮ አመተ ሥላሴ ሳያቋርጡ አዳመጧት።

«የገዛ ጠባቂው በላው ነው የምትይኝ» አሉ በመጨረሻ።

«አዎ፣ እሜቴ።»

«እኔ ይህን አላውቅም። የማውቀው ልጄ እያለቀ መሆኑን ነው።» ወደ ቤቱ ዞር ብለው አዩ። «መድኃኒቱን ስጭኝ። መሪጌታ ሳያዩ አድቅቄ በማር ለውሼ፣ ከጠበል ቤት የመጣ ነው ብዬ አበላዋለሁ። ለእሱም አልነግረውም፤ ከአባቱ መደበቅ አይችልበትም። አንች ግን ትርቂያለሽ። እሱ ራሱ ቢመጣብሽ ትመልሽዋለሽ። የምትበይው አንች ከሆንሽ በመራቅሽ ይድናል። መድኃኒቱ የሚያድን ከሆነ በመድኃኒቱ ይድናል። እኔ እናት ነኝ፤ በየትኛውም ይዳንልኝ።»

«በመድኃኒቱ ቢድንም በእኔ መራቅ ዳነ ነው የሚሉት።»

«ይበሉ።»

«እሱስ? እሱ ምን ይለኛል?»

በዚህ መካከል ከቤቱ ውስጥ የወልደ ሰንበት ድምፅ ተሰማ። ውኃ ይለምናል፤ ድምፁ የሽማግሌ ነው። ባንቺዓለም አንድ እርምጃ ወደፊት ራመደች። እናትየው እጃቸውን ዘረጉ፤ ሳይነኳት፣ አየሩ ላይ ብቻ።

«በጊዮርጊስ ማይልኝ። ብትመልሽው መድኃኒቱ ይቀጥላል። ወደ አንች ከተመለሰ ግን በእጄ አንዲት ፍሬ አላጎርሰውም፤ እኔም በእሱው ምያለሁ።»

ማለች። ከዚያ ሁለቱ ሴቶች ከአጥሩ ጥግ ቁጭ ብለው መድኃኒቱን ተማማሩ። ነጩን ለየሳምንቱ በወረቀት ጠቅልላ በክር አሰረችው፤ ስድስት ቋጠሮ ያለው መጀመሪያ፣ ከዚያ አምስት፣ ከዚያ አራት። «ውዳሴ ማርያም በቃሌ የምደግም ሴት ነኝ፤ ይኸ አያቅተኝም» አሉ ወይዘሮዋ። ከዚያ ወዲያ ያለውን በየወሩ በፈንታነሽ እጅ፣ ታሽጎ፣ የማን እንደሆነ ሳይነገር ትልካለች።

ከግቢው በር እስከ መኪናው መቆሚያ ድረስ ወደ ኋላዋ አላየችም። ብታይ ኖሮ መሐላው በዚያው ሰዓት በፈረሰ።

ለትንሣኤ ፈንታነሽ ወሬውን ይዛ መጣች። «ዳነ! ቡዳዋ ስትርቅ ዳነ። ከአልጋው ተነሥቶ ቤተ ክርስቲያን ስሟል። መሪጌታ ለተማሪዎቻቸው በግ አረዱ።» ባንቺዓለም እንባዋን ስትጠርግ ፈንታነሽ የደስታ መሰላት። የደስታም ነበር። መድኃኒቷ በሠራ ቁጥር ጥፋቷ እየተረጋገጠ መሄዱን ግን ለማን ትናገረዋለች?

ብዙም ሳይቆይ ደብዳቤ መጣ።

«ባንቺዬ፣ ከሞት አፋፍ ሆኜ ደጅ ደጁን ሳይ ከረምሁ። ያላሰብሁት ሁሉ መጣ፤ ያሰብሁት ሰው ብቻ ቀረ። ደብዳቤሽን ስጠብቅ አንዲት መስመር አጣሁ። አሁን ድኛለሁ። እዚህ የሚሉትን ሰምተሽ ይሆናል። ልጽፈው አፈርሁ። መጥቼ ከአፍሽ እሰማለሁ። ወልደ ሰንበት።»

ደብዳቤዎቿን አባቱ እንዳስቀሯቸው ያን ጊዜ ገባት። ደግማ አነበበችው። «ልጽፈው አፈርሁ» የሚለው ላይ ስትደርስ ዓይኗ አላልፍ አለ።

በግንቦት አንድ ከሰዓት በኋላ መጣ። ጤና ጣቢያው ጓሮ ካለው ግራር ሥር ቆሞ አየችው። ፊቱ ክብ ሆኖ ሞልቷል፤ የነጩ ኪኒን ሥራ መሆኑን ከርቀት ዐወቀችው። ወደ እሱ ስትራመድ ልቧ ቆርጦ ነበር። መሐላዬን አፈርሳለሁ፤ ማሩ ውስጥ ያለው የእኔ መድኃኒት ነው እለዋለሁ፤ ከዚህ በኋላ በገዛ እጁ ይዋጠው፤ ጊዮርጊስም ይቅር ይለኛል። አፏን ልትከፍት አንድ እርምጃ ሲቀራት እሱ ቀደማት።

«ባንቺዓለም፣ እኔ አላምንበትም።»

«ምኑን?»

«የሚሉትን። ግን አስቢው። አንቺ ባለሽበት አገር ታመምሁ። ከሄድሁ በኋላም ስምሽን እየጠራሁ ታመምሁ። ዝም ስትይኝ፣ ስትርቂኝ ዳንሁ። የተማርሁ ሰው ነኝ፤ ዶክተሩ ያለውንም አልረሳሁም። ኪኒኑ ተቃጥሎ እንዴት ዳንሁ? ንገሪኝ። አንድ ቃል ይበቃኛል። አይደለሁም በይኝ።»

ባንቺዓለም ፊቱን አየችው። ያን አንድ ቃል የሚለምነው ከልቡ ነው፤ ዓይኑ እንባ አቅሯል። ግን ቀድሞ የሷን ቃል ሳይለምን ያመናት ሰው ነበር። አውቶቡስ ላይ ወንበር ያልቀየረው ሰው አሁን ሁለት እርምጃ ርቆ፣ ኮቱን በደረቱ ላይ ገጥሞ፣ ሆዱን በእጁ ጋርዶ ነው የቆመው። ሆዱን መጋረዱን እሱ ራሱ አላወቀውም። ምንጭ ዳር ልጆቻቸውን በነጠላ የሚሸፍኑት ሴቶችም ልክ እንዲህ ነበር የሚያደርጉት።

ያን ባታይ ኖሮ ትናገር ነበር።

«በጤናህ ነህ?» አለችው።

«በጤናዬ ነኝ።»

«ደም የለም?»

«የለም። ጥያቄዬን መልሽልኝ።»

«ከእኔ ርቀህ ከዳንህ፣ ራቅ።»

ወልደ ሰንበት ቃሉን ደጋግሞ በአፉ ውስጥ አንከባለለው። የቅኔ መምህር ልጅ ነው፤ ሁለት ፍቺ ያለው ነገር ሲሰማ የተደበቀውን መፈለግ ልማዱ ነበር። በዚያን ቀን ግን እሱም እንደ አባቱ ላይ ላዩን ሰማ።

«አይደለሁም አላልሽም» አለ ቀስ ብሎ።

«አላልሁም።»

«ባንቺዬ...»

«ሂድ፣ ወልዴ። ማርህን ብላ፣ ጠበልህን ጠጣ። እናትህ የሚያጎርሱህን ሁሉ ሳትተው ዋጥ። ለእኔ ብለህ ይህን ብቻ አድርግልኝ።»

ሲሄድ መጀመሪያ እግሩ የጎተተ መስሏት ነበር። ግቢውን ሲወጣ ግን ፈጠን አለ፤ ከሚፈራው ነገር እንዳመለጠ ሰው። ያ ፍጥነቱ ከመለየቱ የበለጠ ወጋት። ወደ ሥራዋ ተመልሳ እስከ ማታ መርፌ ወጋች፣ ቁስል አጠበች። የታከሙት ሁሉ በዚያ ቀን እጇ ለስላሳ እንደነበር መሰከሩ።

ወልደ ሰንበት ወደ ሞጣ ትምህርት ቤት ተዛወረ። በ፷፭ ጥር የአንድ አለቃ ልጅ የሆነችውን ይርጋነሽን አገባ። ባንቺዓለም የሠርጉን ወሬ የሰማች ዕለት የወሩን ቢጫ ኪኒን ቆጥራ፣ ጠቅልላ፣ አሽጋ ለፈንታነሽ ሰጠች። ሌላ ምን ማድረግ ትችል ነበር?

በ፷፮ መስከረም፣ ክረምቱ ገና ከመውጣቱ፣ ወይዘሮ አመተ ሥላሴ በበቅሎ ቢቸና ገቡ። ጤና ጣቢያው በረንዳ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ጠበቋት። አርጅተዋል።

«ታመመ» አሏት።

«መቼ፣ እሜቴ?»

«በሐምሌ። ጭቃው መንገዱን ዘግቶ ያንች ጥቅል ሳይደርስ ሲቀር። ስድስት ሳምንት ማሩን ባዶውን አበላሁት።» ወይዘሮዋ ከነጠላቸው ጫፍ ጋር ይታገላሉ። «ዓይንሽ ካየው ዓመት ከመንፈቅ ሊሆነው ነው። ስምሽን በቤታችን የሚያነሣ የለም። ማን በላው እንግዲህ?»

ባንቺዓለም ከጎናቸው ተቀመጠች።

«መሪጌታ አሁን ሌላ ሰው ይፈልጋሉ። የአንዲት ሸክላ ሠሪ ስም አንሥተዋል። በቀደም ድንጋይ ወርውረውባታል አሉ፣ ተማሪዎቹ።»

«ይንገሩት፣ እሜቴ። ለእሱ ብቻ እንኳ። የበላሁት እኔ እንዳልነበርሁ ይንገሩት።»

«ይርጋነሽ ነፍሰ ጡር ናት።» ሴትዮዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው ዓይኗን አዩት። «ብነግረው ጫማውን ሳያጠልቅ ወደ አንች ይመጣል። ያን ጊዜ የምፈርደው በማን ላይ ነው? ባልተወለደ ሕፃን ላይ? አንች እንዳልሆንሽ ዐውቃለሁ፣ ልጄ። በር ላይ የቆምሽ ዕለትም ልቤ ዐውቆ ነበር። ማወቄ ለማንም አልረዳም እንጂ።»

ልጄ አሏት። ባንቺዓለም ይህን ቃል አንድ ቀን፣ በሠርግ ልብስ፣ ከኚህ ሴት አፍ እሰማለሁ ብላ ተስፋ ያደረገችበት ጊዜ ነበር።

ተነሥታ ወደ ውስጥ ገባች። ነጩን እንደገና በስድስት ሳምንት ከፋፍላ ጠቀለለች፤ ቢጫውን ለመጪው ክረምት እንኳ እንዲበቃ አድርጋ ጨመረች። ወይዘሮ አመተ ሥላሴ ውኃ ለመኗት፤ በገዛ ብርጭቆዋ ቀድታ ስትሰጣቸው ሳያማትቡ ከእጇ ተቀብለው እስከ መጨረሻው ጠጡ። በሞጣ እንዲህ የሚደፍር ሰው አልነበረም።

«ተማሪዎቹን አሁንም ያስቃቸዋል?» አለች ባንቺዓለም።

«ሲሻለው ያስቃቸዋል።»

«እንግዲህ ይሻለዋል።»

ይህን ስትል ድምፅዋ ተሰበረ። መታመን እንዲህ ያማል ብላ አስባ አታውቅም ነበር። ቢጠረጥሯት፣ ቢሰድቧት፣ በር ላይ ቢያቆሟት ሁሉን ችላ ነበር፤ ሲያምኗት ግን አልቻለችውም። አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና አለቀሰች። ወይዘሮ አመተ ሥላሴ እጃቸውን ትከሻዋ ላይ አሳረፉና አብረዋት አለቀሱ። ሊያጽናኗት ከማይገባቸው ሰዎች ሁሉ የመጀመሪያዋ እሳቸው ነበሩ፤ ያዘነችለትን ሰው ስም እየጠራች ልታለቅስ የምትችለው ግን በምድር ላይ በእሳቸው ፊት ብቻ ነበር።